የአድሬናል ዕጢ ሕዋሳትን መባዛት የሚያመለክቱ ፕሮቲኖች ምንነትና ፋይዳ

በአድሬናል ዕጢ ላይ የበቀለ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ታካሚው ተጨማሪ መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ ለመወሰን ከሚያገለግሉት መረጃዎች አንዱ፣ ከካንሰሩ ሕዋሳት ውስጥ ስንቱ በመባዛት ላይ እንደነበሩ የሚያሳይ መቶኛ ነው። መቶኛው የሚገኘው በመባዛት ላይ ባሉ ሕዋሳት ውስጥ የሚገኙ የተወሰኑ ፕሮቲኖችን በላቦራቶሪ ቀለም በማልበስና ቀለም የያዙትን ሕዋሳት በመቁጠር ነው። ከነዚህ ፕሮቲኖች መካከል በአሁኑ ወቅት በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ኪ-67 በሚል መጠሪያ የሚታወቀው ነው።

ቁጥሩ ከ10 በመቶ በላይ ወይም በታች መሆኑ አንድ ታካሚ ለዓመታት ከባድ መድኃኒት እንዲወስድ ወይም በክትትል ብቻ እንዲቆይ ሊያደርገው ይችላል። በመሆኑም የቆጠራው አስተማማኝነት ከሐኪሞች ባሻገር ላቦራቶሪዎችን የሚያደራጁ፣ የኬሚካልና የመሣሪያ ግዥ የሚፈጽሙ እንዲሁም የጥራት ደረጃ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶችንም የሚመለከት ጉዳይ ነው።

በአማርኛ “ዕጢ” የሚለው ቃል ሆርሞን አመንጪ የሆነውን የሰውነት ክፍልም ሆነ ከሥርዓት ውጭ የሚበቅለውን እብጠት ለመጥራት ያገለግላል። ለግልጽነት ሲባል በዚህ ጽሑፍ “ዕጢ” የተባለው ሆርሞን አመንጪው አካል ሲሆን፣ ከሥርዓት ውጭ የሚበቅለው የሕዋሳት ክምችት ደግሞ “ዕባጭ” ተብሏል።

የዕጢው አቀማመጥና ሥራ

አድሬናል ዕጢዎች በሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ የሚገኙ ትናንሽ አካላት ሲሆኑ፣ በአዋቂ ሰው እያንዳንዳቸው ከ4 እስከ 5 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ጣሊያናዊው የሥነ አካል ሊቅ ባርቶሎሜዎ ዩስታኪ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጽሑፍ ገልጿቸዋል። ለሕይወት ያላቸው አስፈላጊነት ጎልቶ የታወቀው ግን እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን እ.ኤ.አ በ1855 የዕጢዎቹን መጎዳት ተከትሎ የሚመጣውን ገዳይ ሕመም ይፋ ካደረገ በኋላ ነው። ሕመሙም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ዕጢው ሁለት የተለያዩ ክፍሎች አሉት። ኮርቴክስ የሚባለው የውጭ ክፍል የዕጢውን አብዛኛውን ክብደት የሚይዝ ሲሆን በሦስት ንብርብሮች የተዋቀረ ነው። ከላይኛው ንብርብር የሚመነጨው አልዶስቴሮን የሰውነትን የጨው መጠንና የደም ግፊት ይቆጣጠራል። ከመካከለኛው ንብርብር የሚመነጨው ኮርቲሶል ሰውነት ሕመምን፣ ረሀብንና ጭንቀትን እንዲቋቋም ያስችላል። ሦስተኛው ንብርብር ደግሞ አንድሮጅን የተባሉትን ሆርሞኖች ያመነጫል።

ሜዱላ የሚባለው የውስጥ ክፍል በበኩሉ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን የተባሉትን ሆርሞኖች በማመንጨት ድንገተኛ አደጋ ሲያጋጥም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ሽፋን ሥር ይኑሩ እንጂ በፅንስ ወቅት ከተለያየ ምንጭ የተገኙ በመሆናቸው፣ የሚበቅሉባቸው ዕባጮችም ሆኑ የዕባጮቹ መመዘኛዎች የተለያዩ ናቸው።

በጤናማ ዕጢ ውስጥ የሚካሄድ የሕዋሳት መባዛት

የሕዋሳት መባዛት በራሱ የበሽታ ምልክት አይደለም። የኮርቴክስ ሕዋሳት ያረጁት እየሞቱ በአዲስ ይተካሉ። በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት አዳዲሶቹ ሕዋሳት በአብዛኛው የሚገኙት ከዕጢው ሽፋን ሥር ካለው ጠርዝ ነው። ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እየተጓዙ በየንብርብሩ የተመደበላቸውን ሥራ ያከናውናሉ፤ ከሜዱላው ወሰን ሲደርሱም ይሞታሉ። እ.ኤ.አ በ2019 ለንባብ የበቃ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት የሴቷ አይጥ ኮርቴክስ በ3 ወራት፣ የወንዱ ደግሞ በ9 ወራት ገደማ እንደሚታደስ አረጋግጧል።

የዚህን ሂደት ፍጥነት ከሚወስኑት መካከል በአንጎል ሥር የሚገኘው ፒቱታሪ ዕጢ ዋነኛው ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ፊሊፕ ስሚዝ እ.ኤ.አ በ1930 ባሳተመው ሥራው የፒቱታሪ ዕጢያቸው የወጣባቸው አይጦች አድሬናል ኮርቴክስ እንደሚኮማተር አሳይቷል። ከጊዜ በኋላ እንደተረጋገጠው ለዚህ ምክንያቱ ፒቱታሪ ዕጢ የሚልከው ኤሲቲኤች የተባለው ሆርሞን መቋረጡ ነው። ለረጅም ጊዜ የስቴሮይድ መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች መድኃኒቱን በድንገት እንዳያቋርጡ የሚመከሩትም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ የኤሲቲኤችን መጠን ስለሚቀንስ ዕጢያቸው ኮስሶ ይቆያል፤ መድኃኒቱ በድንገት ሲቆምም ሰውነት የሚያስፈልገውን ኮርቲሶል ወዲያውኑ ማመንጨት ይሳነዋል።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው ጤናማ ዕጢ የሚባለው የሕዋሳቱ መባዛት በቁጥጥር ሥር የሆነ ዕጢ ነው። ሐኪሞችም የሚጠይቁት መባዛት መኖር አለመኖሩን ብቻ ሳይሆን መጠኑንና ከቁጥጥር መውጣት አለመውጣቱን ነው።

መባዛትን የሚያመለክቱ መለኪያዎች

አንድ ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት በተከታታይ ደረጃዎች ያልፋል። በመጀመሪያ ለሥራው ይዘጋጃል፤ ቀጥሎ ዲኤንኤውን ያባዛል፤ ከዚያም ለመከፈል ራሱን ያሰናዳል፤ በመጨረሻም ሚቶሲስ በተባለው ደረጃ ለሁለት ይከፈላል። ከዚህ ዑደት ውጭ ሆኖ የዕለት ሥራውን ብቻ የሚያከናውን ሕዋስ በዕረፍት ላይ ያለ ሕዋስ ይባላል።

ጥንታዊው መለኪያ በማይክሮስኮፕ እየተመለከቱ በሚቶሲስ ላይ ያሉትን ሕዋሳት መቁጠር ነው። በዚህ ደረጃ ክሮሞሶሞች ተሰብስበው ስለሚታዩ ልዩ ማቅለሚያ አያስፈልግም። ሆኖም ሚቶሲስ ከዑደቱ አጭሩ ክፍል በመሆኑ በዑደቱ ውስጥ ካሉት ሕዋሳት በዚህ መንገድ የሚታዩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። በመሞት ላይ ያለ ሕዋስም በሚቶሲስ ላይ ያለ ሊመስል ይችላል። ይህን ችግር ለማቃለል በሚቶሲስ ወቅት የሚለወጠውን ሂስቶን ኤች-3 የተባለ ፕሮቲን ቀለም በማልበስ መቁጠር ተጨማሪ አማራጭ ሆኗል።

ሁለተኛው ጠቋሚ ፒሲኤንኤ የተባለው ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ በ1978 ሉፐስ በተባለው በሽታ የተያዙ ሰዎች ደም ውስጥ በተገኙ አንቲቦዲዎች አማካይነት የተለየ ሲሆን፣ ሦስት ሆነው በመያያዝ ዲኤንኤን እንደ ቀለበት በመክበብ የሚባዛበትን ማሽን አጽንተው ይይዛሉ። ይሁን እንጂ ፒሲኤንኤ የተጎዳ ዲኤንኤ በሚጠገንበት ጊዜም ያገለግላል። ከዚህም በላይ ሕዋሱ መባዛቱን ካቆመ በኋላ ቶሎ አይጠፋም። በመሆኑም መባዛትን ከእውነተኛው መጠን በላይ አጉልቶ የማሳየት ጉድለት ስላለበት በዕለት ተዕለት የሕክምና ሥራ ቦታውን ለኪ-67 ለቋል።

ኪ-67 በዕረፍት ላይ ባሉ ሕዋሳት ውስጥ የማይገኝ፣ በዑደቱ ደረጃዎች ሁሉ ግን የሚታይ ፕሮቲን ነው። ሕዋሱ ከዑደቱ ሲወጣም ፕሮቲኑ በአጭር ጊዜ ውስጥ እየፈረሰ ስለሚሄድ በቆጠራው ወቅት የሚታየው ሥዕል ለእውነተኛው ሁኔታ የቀረበ ነው።

የኪ-67 ግኝት

የኪ-67 ታሪክ የሚጀምረው በሰሜን ጀርመን በምትገኘው የወደብ ከተማ በኪል ነው። ዮሐንስ ጌርደስና የሥራ ባልደረቦቹ ሆጅኪን በተባለው የሊምፍ ካንሰር ሕዋሳት ላይ ብቻ የሚያርፍ አንቲቦዲ ይፈልጉ ነበር። ከካንሰሩ ሕዋሳት የተወሰደ ኒውክለስ ወደ አይጦች በመርፌ ከሰጡ በኋላ የተገኙትን አንቲቦዲዎች አንድ በአንድ ፈተሹ። ለፍተሻው ከዋለው ባለ 96 ጉድጓድ ገበታ በ67ኛው ጉድጓድ የነበረው አንቲቦዲ ያልተጠበቀ ባሕርይ አሳየ። አንቲቦዲው በሆጅኪን ሕዋሳት ሳይወሰን በመባዛት ላይ ባሉ ልዩ ልዩ ሕዋሳት ሁሉ ላይ ያርፋል፤ በዕረፍት ላይ ያሉትን ግን አይነካም። ውጤቱ እ.ኤ.አ በ1983 ታትሟል። መጠሪያውም ከከተማዋ ስም መነሻና ከጉድጓዱ ቁጥር የተወሰደ ነው።

ግኝቱ የተመሠረተው ጆርጅስ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን እ.ኤ.አ በ1975 ይፋ ባደረጉት፣ አንድ ዓይነት አንቲቦዲን በብዛት የማምረት ዘዴ ላይ ነው። ሁለቱ ሳይንቲስቶች ለዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ በ1984 የኖቤል ሽልማት ተጋሪ ሆነዋል።

የመጀመሪያው የኪል አንቲቦዲ የሚሠራው በብርድ በተጠበቀ ናሙና ላይ ብቻ ነበር። ሆስፒታሎች ደግሞ ናሙናዎችን የሚያቆዩት በፎርማሊን ነክረውና በፓራፊን ሰም ውስጥ ቀብረው በመሆኑ አጠቃቀሙ ውስን ሆኖ ቆይቷል። ይህ እንቅፋት የተቃለለው እ.ኤ.አ በ1992 ሚብ-1 የተባለው አዲስ አንቲቦዲ ይፋ ሲሆን ነው። ናሙናው በማይክሮዌቭ ምድጃ እንዲሞቅ በማድረግ ፎርማሊን የሸፈነውን የፕሮቲን ክፍል መልሶ ማጋለጥ በመቻሉ፣ በመዝገብ ቤት ለዓመታት የተቀመጡ ናሙናዎችን ሳይቀር መመርመር ተችሏል።

ኪ-67 ለሕዋሱ የሚሰጠው አገልግሎት የታወቀው ለምርመራ ከዋለ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ በ2016 በኦስትሪያ ቪየና የሚሠሩ ተመራማሪዎች ፕሮቲኑ በሚቶሲስ ወቅት ክሮሞሶሞችን እንደ ሳሙና በመሸፈን እርስ በርስ እንዳይጣበቁ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ኪ-67 የሌላቸው ሕዋሳትም መባዛት እንደሚችሉ አረጋግጧል። ይህም ፕሮቲኑ የመባዛት ምልክት እንጂ የመባዛት ምክንያት እንዳልሆነ ያመለክታል። እ.ኤ.አ በ2018 የወጣ ጥናት በበኩሉ የፕሮቲኑ መጠን ሕዋሱ ከዑደቱ ከወጣ በኋላ ቀስ በቀስ እንደሚወርድ በማሳየት፣ በ“አለ” እና በ“የለም” መካከል ያለው ወሰን ስለታማ እንዳልሆነ አስገንዝቧል።

በላቦራቶሪ የሚከናወነው ሥራ

የአድሬናል ዕባጭ ምንነት በተጠረጠረ ጊዜ በመርፌ ናሙና መውሰድ በአብዛኛው አይመከርም። በጥቂት ሕዋሳት ብቻ አደገኛውን ካልሆነው መለየት አዳጋች ሲሆን፣ መርፌው የካንሰር ሕዋሳትን ሊበትን፣ በሜዱላ ዕባጭ ላይ ደግሞ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ሊያሻቅብ ይችላል። ስለሆነም የኪ-67 ቆጠራ የሚካሄደው በአብዛኛው ዕባጩ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ነው።

የወጣው ዕባጭ ሳይዘገይ ተቆራርጦ በፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ ቀጥሎ በፓራፊን ሰም ይጠነክራል። ከዚያም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ በታች ውፍረት ባላቸው ገለፈቶች ይቆረጥና በስላይድ ላይ ያርፋል። ስላይዱ ከሞቀ በኋላ አንቲቦዲው ይጨመርበታል። አንቲቦዲው ያረፈበት የሕዋስ ኒውክለስ ቡናማ፣ ያላረፈበት ደግሞ ሰማያዊ ቀለም ይይዛል። ፓቶሎጂስቱ ቡናማዎቹን ለጠቅላላው የዕባጭ ሕዋሳት ብዛት በማካፈል የኪ-67 መጠንን በመቶኛ ያስቀምጣል።

ከያንዳንዱ ዙር ምርመራ ጎን ለጎን ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ የቁጥጥር ናሙና አብሮ መቅለም ይኖርበታል። የቶንሲል ሥጋ በውስጡ ሕዋሳት በብዛት የሚባዙባቸውና የማይባዙባቸው ሥፍራዎች ጎን ለጎን ስለሚገኙበት ለዚህ ተግባር ተመራጭ ነው።

የዕባጩን ባሕርይ ለመለየት

በአድሬናል ዕጢ ላይ የሚገኙ ዕባጮች አብዛኞቹ አደገኛ አይደሉም። ብዙዎቹ ታካሚው ለሌላ ጉዳይ ሲቲ ስካን ሲነሳ በአጋጣሚ የሚገኙ ናቸው። የኮርቴክስ ካንሰር በአንጻሩ እጅግ ብርቅ ሲሆን፣ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰዎች ከ0.7 እስከ 2 የሚሆኑትን እንደሚያጠቃ ይገመታል። ብርቅ ቢሆንም በፍጥነት የሚዛመት በመሆኑ ሁለቱን በትክክል መለየት ወሳኝ ነው።

ለዚህ ተግባር በስፋት የሚያገለግለው አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ሎውረንስ ዋይስ እ.ኤ.አ በ1984 ያቀረበው መመዘኛ ነው። መመዘኛው 9 ነጥቦች ያሉት ሲሆን፣ ከነዚህ ውስጥ በ50 የማይክሮስኮፕ እይታዎች ከ5 በላይ ሚቶሲስ መገኘት፣ የሚቶሲሱ ቅርጽ መዛባት፣ የሞተ የዕባጭ ክፍል መኖር እንዲሁም ዕባጩ ወደ ደም ሥርና ወደ ሽፋኑ ዘልቆ መግባት ይገኙበታል። በአሁኑ አሠራር ሦስትና ከዚያ በላይ ነጥብ የተሟላበት ዕባጭ ካንሰር ተብሎ ይመደባል።

ኪ-67 ከ9ኙ ነጥቦች አንዱ አይደለም፤ ሆኖም ውሳኔውን ያጠናክራል። አደገኛ ባልሆኑ የኮርቴክስ ዕባጮች መጠኑ በአብዛኛው ከ5 በመቶ በታች ሲሆን፣ ከዚህ በላይ መሆኑ ካንሰር መኖሩን ያስጠረጥራል። ይህ መመዘኛ ለአዋቂዎች የተዘጋጀ ነው። በሕፃናት ላይ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አስጊ የሚመስል ዕባጭ ከጊዜ በኋላ ጉዳት የማያደርስ ሆኖ የሚገኝበት ሁኔታ ስላለ፣ ለእነሱ የተለየ መመዘኛ ሥራ ላይ ውሏል።

በሕክምና ውሳኔ ላይ ያለው ድርሻ

ዕባጩ ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠና ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ነው። የመመለስ ዕድሉን ለመቀነስ የሚሰጠው መድኃኒት ማይቶቴን ይባላል። መድኃኒቱ ዲዲቲ ከተባለው የተባይ ማጥፊያ ጋር ዝምድና ያለው ሲሆን፣ ለሕክምና የታሰበው በ1940ዎቹ መጨረሻ ተመሳሳይ ውሁድ የተሰጣቸው ውሾች አድሬናል ኮርቴክሳቸው መጎዳቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ማይቶቴን የካንሰሩን ሕዋሳት ብቻ ለይቶ አያጠቃም። ጤናማውን ኮርቴክስም ስለሚጎዳ ታካሚው ምትክ ስቴሮይድ መውሰድ ይኖርበታል። ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ ድካምና ማዞር የተለመዱ ጉዳቶቹ ናቸው። በደም ውስጥ ያለው መጠንም በየጊዜው እየተለካ በሊትር ከ14 እስከ 20 ሚሊ ግራም መካከል እንዲሆን ይደረጋል።

እ.ኤ.አ በ2007 በጣሊያንና በጀርመን 177 ታካሚዎችን ያካተተ የኋሊት ጥናት ታትሟል። በጥናቱ መሠረት ማይቶቴን የወሰዱት በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 42 ወራት ሲሆን፣ ካልወሰዱት ሁለት ምድቦች በአንዱ 10፣ በሌላው 25 ወራት ነበር። ይህን ተከትሎ የተነሳው ጥያቄ መድኃኒቱ ለሁሉም ይሰጥ ወይስ ለተመረጡ የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ኪ-67 ጎልቶ ወጥቷል። እ.ኤ.አ በ2015 የታተመና በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ዕባጫቸው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸውን ከ500 በላይ ታካሚዎች የተከታተለ ጥናት፣ የበሽታውን መመለስ አስቀድሞ በማመልከት ረገድ ኪ-67 ከሌሎች መለኪያዎች ሁሉ ልቆ መገኘቱን አሳይቷል። በጀርመናውያኑ ታካሚዎች ላይ መጠኑ ከ10 በመቶ በታች በሆነባቸው በሽታው ሳይመለስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ 53 ወራት ገደማ ነበር። ከ10 እስከ 19 በመቶ በሆነባቸው ወደ 32 ወራት፣ 20 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነባቸው ደግሞ ወደ 9 ወራት ዝቅ ብሏል።

እ.ኤ.አ በ2018 የወጣው የአውሮፓ የሕክምና መመሪያ በወጣ የኮርቴክስ ዕባጭ ሁሉ ላይ የኪ-67 ምርመራ እንዲደረግ ይመክራል። መጠኑ ከ10 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ዕባጩ ከዕጢው አልፎ ሲገኝ ወይም በተቆረጠበት ጠርዝ ላይ ቅሪት ሲታይ ማይቶቴን እንዲሰጥ ሐሳብ ያቀርባል። የሚሰጥበት ጊዜም ቢያንስ 2፣ ቢበዛ 5 ዓመት እንዲሆን ይጠቁማል።

ዝቅተኛ ሥጋት ያለባቸውን የሚመለከተው መልስ የተገኘው እ.ኤ.አ በ2023 ነው። አዲዩቮ የተባለው ጥናት ዕባጫቸው ሙሉ በሙሉ የወጣና ኪ-67 ከ10 በመቶ ያልበለጠባቸውን 91 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት በመክፈል ለአንዱ ምድብ ማይቶቴን ሰጥቶ ሌላውን በክትትል ብቻ አቆይቷል። በ5 ዓመት ውስጥ በሽታው ያልተመለሰባቸው ከመጀመሪያው ምድብ 79፣ ከሁለተኛው 75 በመቶ ሲሆኑ፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መለኪያ ትርጉም ያለው ሆኖ አልተገኘም። በዚህም መሠረት ለነዚህ ታካሚዎች መድኃኒቱን በመደበኛነት መስጠት አስፈላጊ አለመሆኑ ተመልክቷል። ከፍተኛ ሥጋት ላለባቸው ደግሞ ማይቶቴን ብቻውንና ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ ያለውን ልዩነት ለማጥናት አዲዩቮ-2 የተባለ ጥናት የተጀመረ ሲሆን፣ ለተሳታፊነት የተቀመጠው መስፈርት ኪ-67 ከ10 በመቶ በላይ መሆኑን ይጨምራል።

በቆጠራ ላይ የሚታይ ልዩነት

የ10 በመቶ ወሰን ይህን ያህል ክብደት የተሰጠው በመሆኑ ቁጥሩ የሚገኝበት መንገድ ጥብቅ መሆን ይኖርበታል። እ.ኤ.አ በ2016 ለንባብ የበቃ ዓለም አቀፍ ጥናት ግን ተመሳሳይ የኮርቴክስ ካንሰር ስላይዶችን የተመለከቱ ፓቶሎጂስቶች የተለያየ መጠን እንደሚያስቀምጡ አሳይቷል። በኮምፒዩተር የታገዘ የምስል ቆጠራ በዓይን ከሚደረገው ግምት ይልቅ ተመሳሳይ ውጤት በመስጠት ተሽሎ መገኘቱም በጥናቱ ተገልጿል።

ለልዩነቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የቆጠራ ሥፍራ ምርጫ ነው። በአንድ ዕባጭ ውስጥ የመባዛቱ መጠን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ቡናማ ሕዋሳት በብዛት ከተሰበሰቡበት ሥፍራ የተቆጠረና ከአጠቃላዩ አማካይ የተወሰደ መጠን እኩል አይሆንም። ሌላው በዕባጩ ውስጥ የገቡ የመከላከያ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህም ሊባዙ ስለሚችሉ ካልተለዩ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል።

የሚቆጠሩት ሕዋሳት ብዛትም ወሳኝ ነው። ለአብነት ያህል ትክክለኛው መጠን 10 በመቶ በሆነበት ዕባጭ 100 ሕዋሳት ብቻ ቢቆጠሩ፣ በአጋጣሚ ብቻ ውጤቱ ወደላይም ወደታችም እስከ 6 ነጥብ ሊዛነፍ ይችላል። ይህም ማለት ያው አንድ ታካሚ 5 በመቶ ወይም 15 በመቶ ሊባል ይችላል ማለት ነው። 500 ሕዋሳት ሲቆጠሩ መዛነፉ ወደ 2.6 ነጥብ፣ 1 ሺህ ሲቆጠሩ ወደ 1.9 ነጥብ፣ 2 ሺህ ሲቆጠሩ ደግሞ ወደ 1.3 ነጥብ ይቀንሳል። በመሆኑም 9 በመቶ እና 11 በመቶ የሆኑ ሁለት ውጤቶች በወረቀት ላይ ከወሰኑ ግራና ቀኝ ይውደቁ እንጂ በእውነታው ላይለያዩ ይችላሉ።

ከቆጠራው በፊት የሚፈጸሙ ተግባራትም ውጤቱን ይለውጣሉ። ከሰውነት የወጣ ዕባጭ ፎርማሊን ውስጥ ሳይገባ ከዘገየ፣ ፎርማሊኑ በትክክለኛው መጠን ካልተቀመመ ወይም ትልቅ ዕባጭ ሳይቆራረጥ እንዳለ ከተነከረ ፕሮቲኑ ሊበላሽ ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ናሙና ቀለም በሚገባ ስለማይዝ መጠኑ ከእውነተኛው በታች ይመዘገባል። ስህተቱ በኋላ በየትኛውም ዘመናዊ መሣሪያ ሊታረም አይችልም።

በሜዱላ ዕባጮች ላይ ያለው ሁኔታ

በውስጠኛው የዕጢ ክፍል የሚበቅለው ዕባጭ ፊዮክሮሞሳይቶማ ይባላል። አድሬናሊንና መሰል ሆርሞኖችን ከመጠን በላይ በማመንጨት ድንገተኛ የደም ግፊት መጨመር፣ ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን ያስከትላል። የዚህ ዕባጭ ሕዋሳት የሚባዙት በዝግታ በመሆኑ ለኮርቴክስ ካንሰር የተቀመጠው የ10 በመቶ ወሰን ለእሱ አያገለግልም። እ.ኤ.አ በ2014 በጃፓን ተመራማሪዎች የቀረበው መመዘኛ 1 እና 3 በመቶን በወሰንነት ይጠቀማል። ዝቅተኛ መጠን የተገኘበት ዕባጭም ቢሆን ከዓመታት በኋላ ሊዛመት የሚችል በመሆኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ እ.ኤ.አ ከ2017 ጀምሮ ሁሉም ፊዮክሮሞሳይቶማ የመዛመት ባሕርይ ሊኖረው እንደሚችል አስፍሯል። ስለዚህ ለነዚህ ታካሚዎች ኪ-67 የረጅም ጊዜ ክትትልን አይተካም።

ለተቋማት የሚኖረው አንድምታ

ከላይ የተዘረዘሩት ነጥቦች የሚያሳዩት ለጠቋሚ ፕሮቲን ምርመራ አንቲቦዲና ማይክሮስኮፕ ማሟላት ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍልና በላቦራቶሪ መካከል ናሙናው የወጣበትና ፎርማሊን ውስጥ የገባበት ሰዓት የሚመዘገብበት አሠራር ያስፈልጋል። የቁጥጥር ናሙና የሌለበት የምርመራ ዙር ተቀባይነት እንዳይኖረው ማድረግም እንዲሁ ነው። ላቦራቶሪዎች የሥራቸውን ጥራት ከውጭ አካል ጋር የሚያመሳክሩባቸው ፕሮግራሞች ያሉ ሲሆን፣ በሰሜን አውሮፓ ኖርዲኪውሲ፣ በብሪታንያ ደግሞ ኒኳስ በዚህ ረገድ ይታወቃሉ።

የምርመራ ውጤት መግለጫም ከመቶኛው በተጨማሪ የዋለውን የአንቲቦዲ ዓይነት፣ የተቆጠሩትን ሕዋሳት ብዛት፣ ቆጠራው የተካሄደበትን ሥፍራና ዘዴ ቢያካትት፣ ታካሚው ወደ ሌላ ሆስፒታል ቢዛወር እንኳ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚታመን ለማወቅ ያስችላል። ውጤቱ ከ10 በመቶ ወሰን አጠገብ ሲሆን በሁለተኛ ባለሙያ እንዲታይ ማድረግ፣ በሽታው ብርቅ በመሆኑም ናሙናዎች በቂ ልምድ ወዳላቸው ጥቂት ማዕከላት እንዲላኩ ማመቻቸት አዲስ መሣሪያ ሳይገዛ ሊፈጸም የሚችል ነው።

ኪ-67 ከዋይስ መመዘኛ፣ ከዕባጩ ስፋትና ከቀዶ ሕክምናው ውጤት ጋር ተጣምሮ ሲነበብ ማን መድኃኒቱ እንደሚያስፈልገውና ማን ከጉዳቱ መትረፍ እንዳለበት ለመለየት የሚረዳ መለኪያ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። ጥቅም የሚሰጠው ግን ናሙናው ከሰውነት ከወጣበት ደቂቃ አንስቶ ውጤቱ በወረቀት እስከሰፈረበት ድረስ ያለው ሥራ በሥርዓት የተከናወነ እንደሆነ ነው።